ዋጋ ያልተቆረጠለት ዕቃና ጠባቂው

አስመጪው ነጋዴ ጧት ወደ ቢሮው ሲገባ አስቀድሞ የሚመለከተው የዕለቱን የምንዛሪ ዋጋ ነው። ባለ ሱቁ ደንበኛው በስልክ የላከው ገንዘብ መድረሱን ሳያረጋግጥ ዕቃውን አያስረክብም። ላኪውም ለውጭ አገር ገዢው የሚልከውን የዋጋ ዝርዝር በኮምፒዩተር አዘጋጅቶ በኢንተርኔት ይሰድደዋል። እነዚህ ሦስት ሰዎች በሚገለገሉባቸው መሣሪያዎች ውስጥ ማንም ዋጋ ያልጠየቀባቸው፣ ደረሰኝም ያልተቆረጠላቸው አያሌ ፕሮግራሞች አሉ። ነጋዴ የሚገዛው ዕቃ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራውና ሲበላሽ ማን እንደሚያድሰው መጠየቅ የሙያው ልማድ ሆኖ ሳለ፣ ስለ እነዚህ ዋጋ ስላልተቆረጠላቸው ዕቃዎች ግን የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ብቻ ነው።

ይህን አለመጠየቅ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. በግልጽ ታይቶአል። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ወደሚገኙ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚያስገባ የጓሮ በር በስውር ተሠርቶ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ባለሙያ የግማሽ ሴኮንድ መዘግየት ቸል ሳይል በመመርመሩ ተደረሰበት። ታሪኩን በሚገባ ለመረዳት ግን ፕሮግራም ጸሐፊዎች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ሥራቸውንም ስለ ምን ያለ ዋጋ እንደሚሰጡ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የታሸገው በርበሬና የቅመሙ ልክ

ፕሮግራም ማለት ኮምፒዩተሩ ወይም ስልኩ አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ እንዲፈጽም በጽሑፍ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ባለሙያው በእጁ የጻፈው ጽሑፍ የፕሮግራሙ ምንጭ ይባላል። ገዢው የሚረከበው ግን ብዙውን ጊዜ ምንጩን ሳይሆን፣ ለማሽኑ ብቻ በሚገባ አኳኋን የተለወጠውን ነው። ነገሩን በባልትና ሥራ መመሰል ይቻላል። ተቀምሞና ተፈጭቶ በከረጢት የታሸገ በርበሬ የገዛ ሰው ወጡን ይሠራበታል፤ ነገር ግን ኮረሪማው ምን ያህል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደ ሆነ አያውቅም፤ ጉድለት ቢያገኝበትም ማቃናት አይችልም። ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ግን ከበርበሬው ጋር የቅመሙ ልክ ተጽፎ እንደ ተሰጠ ያህል ነው። ተቀባዩ ያነበዋል፤ እንደሚስማማው ያሻሽለዋል፤ ለሌላም ያካፍለዋል።

ይህን አሠራር እንደ መብት አድርገው ከቆሙለት ሰዎች መካከል ቀደምት የሆኑት አሜሪካዊው ሚስተር ሪቻርድ ስቶልማን ናቸው። እርሳቸውም በ1983 ለማንም ክፍት የሆነ ሙሉ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለመሥራት መነሣታቸውን አስታወቁ። በአማርኛ «ነጻ» የሚለው ቃል በአንድ ወገን ከባርነት መውጣትን፣ በሌላ ወገን ያለ ክፍያ መስጠትን እንደሚያመለክት ሁሉ፣ በእንግሊዝኛም ቃሉ ሁለቱን ትርጉም ያዘለ በመሆኑ ብዙ ሰው ነገሩን ይሳሳተው ነበር። ሚስተር ስቶልማን ሲያስረዱ የኖሩት የነገሩ ፍሬ የመጀመሪያው ትርጉም መሆኑን ነው። ምንጩን ማየትና መለወጥ የተፈቀደለት ሰው በሻጩ እጅ የተያዘ አይሆንም ማለት ነው።

ከዚያም በ1991 በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት፣ ዕድሜያቸውም 21 ዓመት የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የኮምፒዩተር ሥርዓት መሥራት መጀመራቸውን ለሌሎች ባለሙያዎች ሲያስታውቁ፣ ሥራው ለትርፍ ጊዜ መደሰቻ ያህል እንጂ ታላቅ ነገር እንደማይሆን ገልጸው ነበር። ሊኑክስ የተባለው ይህ ሥራ ዛሬ አንድሮይድ ለሚባሉት ስልኮች ሁሉ መሠረት ሆኖአል። ከ2017 መጨረሻ ወዲህም በዓለም ኀያላን የተባሉት 500 ኮምፒዩተሮች በሙሉ የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። በኢንተርኔት ላይ ገጾችን ለማንበብ የሚያስችለውን ድርም የወሰድን እንደ ሆነ፣ በስዊስ አገር የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት ለሕዝብ ለቆታል።

ከምንዛሪ ዋጋ የተነሣው መሣሪያ

የስዊድኑ ተወላጅ ሚስተር ዳንኤል ስቴንበርግ ታሪክ በተለይ ለአስመጪና ላኪ ነጋዴዎች የቀረበ ነው። እርሳቸው በ1996 ሰዎች በኮምፒዩተር እየተጻጻፉ በሚጨዋወቱበት አንድ ስፍራ፣ የአንዱን አገር ገንዘብ በሌላው አገር ገንዘብ አስልቶ የሚመልስ አነስተኛ አገልግሎት ለማቅረብ ፈለጉ። ስሌቱ ትክክል እንዲሆን የዕለቱ የምንዛሪ ዋጋ ያስፈልግ ነበር፤ ዋጋውም በየቀኑ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ወደዚያ ገጽ ሄዶ ዋጋውን የሚያመጣ ተላላኪ የሆነ ፕሮግራም ፈለጉ። አንድ ብራዚላዊ ባለሙያ የጻፈውንና በጥቂት መቶ መስመር የሚያልቅ መሣሪያ አግኝተው ያሻሽሉት ጀመር።

መሣሪያው በ1998 ከርል የሚል ስም ተሰጠው። ሥራውም በተነገረው አድራሻ ሄዶ መልእክት ማድረስና መልስ ይዞ መመለስ ነው። ዛሬ ይኸው ተላላኪ በስልኮች፣ በቴሌቪዥኖች፣ በአውቶሞቢሎችና በታላላቅ ድርጅቶች ሰርቨሮች ውስጥ በቢሊዮን በሚቆጠር ብዛት ይገኛል። ሚስተር ስቴንበርግ በ2017 ፖልሄም የተባለውን የስዊድን የምሕንድስና ሽልማት ከንጉሡ እጅ ተቀብለዋል። ሆኖም ይህ ሥራ ሙሉ ደመወዝ የሚያገኙበት መደበኛ ሥራቸው የሆነው በ2019 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ከሃያ የማያንሱ ዓመታት በአብዛኛው ከመደበኛ ሥራ በኋላ፣ ቤተ ሰብ ከተኛ ወዲያ በምሽት የተሠራባቸው ናቸው።

ስለ ምን ይሰጣሉ?

ነጋዴ ይህን ሲሰማ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ሰው የደከመበትን ሥራ ስለ ምን በነጻ ይሰጣል የሚል ነው። መልሱ በልግስና ብቻ አያልቅም። ፕሮግራም ጸሐፊ ዕለት ዕለት የሚያስበው ነገር እጅግ ተራ ነው። አንድ ድረ ገጽ ስለ ምን ይዘገያል፣ አንድ ቀን መቁጠሪያ ስለ ምን ይሳሳታል፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ስለ ምን እምቢ አለ እያለ ይመረምራል። ለራሱ ችግር መሣሪያ ሲሠራና ሥራውን ሲያካፍል፣ ያው ችግር ያለባቸው ሌሎች ሰዎች ይገለገሉበታል፤ ከእነርሱም አንዳንዱ ስሕተት አግኝቶ ያርምለታል። በገጠር ደቦ የጠራ ገበሬ በአንድ ቀን የሚያጭደው ለብቻው በሳምንት እንደማያልቅለት፣ ብድሩንም በሌላው ማሳ ላይ እንደሚመልስ፣ እዚህም የሚደረገው ይኸው ነው።

ደስታም ሌላው ምክንያት ነው። ፓይተን የተባለው፣ ዛሬ በባንኮችና በምርምር ተቋሞች የተለመደው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተጀመረው ሆላንዳዊው ሚስተር ጊዶ ቫን ሮስም በ1989 የገናን በዓል ሰሞን የሚያሳልፉበት ሥራ በመፈለጋቸው ነው። አትክልት መኰትኰት የሚወድ ሰው ከሥራ ሲመለስ ወደ ጓሮው እንደሚወጣ፣ እነዚህም ወደሚወዱት ጽሑፍ ይመለሳሉ።

ነገር ግን ሁሉም ነገር በትርፍ ጊዜ የሚሠራ አለመሆኑን መግለጽ ይገባል። ሊኑክስን ከሚጽፉት መካከል ዛሬ ብዙዎቹ የታላላቅ ኩባንያዎች ደመወዝተኞች ናቸው። ኩባንያዎቹ በገበያ ይፎካከራሉ፤ የጋራ የሆነውን መንገድ ግን ወጪ ተካፍለው ይሠራሉ። ሁለት ነጋዴዎች ሱቃቸውን ፊት ለፊት ከፍተው እየተፎካከሩ፣ በመካከላቸው ያለውን መንገድ በመዋጮ ቢያስጠግኑ ከቶ የማይገባ ነገር እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይህም እንደዚሁ ነው። ችግሩ ያለው ታላላቆቹ ኩባንያዎች ባላዩአቸው ትናንሽ ዕቃዎች ላይ ነው። ትልቁ ድልድይ ዘበኛ ሲኖረው፣ ድልድዩን ያያያዘው ብሎን ጠባቂው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

የደከመው ጠባቂ

ኤክስ ዚ የተባለው ፕሮግራም ከእነዚህ ትናንሽ ዕቃዎች አንዱ ነው። ጥጥ በመጭመቂያ ተጭኖ እንደሚታሰር፣ ይህም የኮምፒዩተር መዝገቦችን ጨምቆ ስፍራ እንዳይፈጁ ያደርጋል። በሊኑክስ የሚሠሩ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች ይገለገሉበታል። ለብዙ ዓመታት የጠበቀው ግን በፊንላንድ የሚኖር አንድ ባለሙያ ነበር፤ ሥራውንም ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜው ያከናውን ነበር። በ2022 ሥራው ዘገየ የሚሉ ሰዎች ሲወቅሱት፣ ጤናው እንደ ልቡ እንዳላሠራውና ሥራው ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን በትሕትና ገልጾ ነበር።

በዚያው ጊዜ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ ረዳት ቀረበ። ከ2021 ጀምሮ ጠቃሚ እርማቶችን ያቀርብ ነበር። ሌሎች ስሞች ደግሞ ባለቤቱን እያጣደፉ ለሥራው ተጨማሪ ጠባቂ እንዲሾምበት ይወተውቱ ነበር። ሱቁን ብቻውን ሲጠብቅ የኖረ፣ ድካምም የተጫነው ባለ ሱቅ፣ ጧት ማታ እየመጣ ያለ ክፍያ መደርደሪያ የሚያስተካክልለት ትጉህ ጐልማሳ ቢያገኝ ቁልፉን አንድ ቀን ማስረከቡ እንደማይቀር የታወቀ ነው። በ2023 ረዳቱ አዲስ እትም የማውጣት ሥልጣን በእጁ ነበር።

በ2024 በፌብሩዋሪና በማርች ወር በወጡት ሁለት እትሞች ውስጥ የጓሮው በር ተሸጐጠ። ነገሩ የተሠራበት ዘዴ በተለይ ቡና ላኪዎች በቀላሉ የሚረዱት ነው። የፕሮግራሙ ምንጭ ለሁሉ በግልጽ ተዘርግቶ የሚታይ ሲሆን፣ ለማከፋፈል የተዘጋጀው ጥቅል ግን በተዘረጋው ምንጭ ላይ የሌለ ጥቂት መስመር ተጨምሮበት ነበር። ይህም ለገዢ የቀረበው ናሙና አንድ ዓይነት፣ በጆንያ የተላከው ሌላ ዓይነት እንደ መሆን ነው። የቀረውም ክፍል ለሙከራ የተቀመጡ በሚመስሉ መዝገቦች ውስጥ ተደብቆ ነበር። በሩ ቢከፈት ኖሮ ቁልፉን የያዘው ሰው ከሩቅ ሆኖ በሰርቨሩ ላይ የፈለገውን ማዘዝ ይችል ነበር።

ግማሽ ሴኮንድ

ሚስተር አንድሬስ ፍሮይንድ በማይክሮሶፍት ኩባንያ የሚሠሩ፣ ፖስትግሬስ የተባለውን ምንጩ ክፍት የሆነ የመረጃ መዝገብ ከሚጽፉት አንዱ የሆኑ ባለሙያ ናቸው። በማርች 2024 የመዝገቡን ፍጥነት ለመለካት ሲዘጋጁ፣ ልኬቱ እንዳይዛባ ኮምፒዩተሩ ከሌላ ሥራ ጸጥ እንዲል ፈለጉ። በዚህ ጊዜ ከሩቅ የሚገቡ ሰዎችን የሚፈትሸው የበር ጠባቂ ፕሮግራም ከሚገባው በላይ የማሽኑን ጉልበት ሲፈጅ አገኙት። ለወትሮው 0.3 ሴኮንድ ያህል የሚፈጀው መግባት ወደ 0.8 ሴኮንድ ደርሶ ነበር።

ግማሽ ሴኮንድ ሰው ዓይኑን ገርበብ አድርጎ እስኪከፍት ያለች ጊዜ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ማሽኑ ደክሞታል ብሎ ያልፋት ነበር። ሚስተር ፍሮይንድ ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት በሌላ ፍተሻ ላይ ያዩት እንግዳ ማስጠንቀቂያ ትዝ አላቸው፤ ሁለቱን አያይዘው ነገሩን ተከትለው ሲሄዱ ኤክስ ዚ ላይ ደረሱ። ማርች 29 ቀን 2024 ያገኙትን ለዓለም በይፋ አስታወቁ። የተበከሉት እትሞች በዚያን ጊዜ ገና ለሙከራ በተዘጋጁት ሥርዓቶች ውስጥ ነበሩ፤ ድርጅቶች በብዛት ወደሚገለገሉባቸው የጸኑ እትሞች አልደረሱም ነበር። በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀድሞው እትም እንዲመለሱ ተደረገ። ጂያ ታን የተባለው ሰው ወይም ቡድን ማን እንደ ሆነ በይፋ አልታወቀም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መገንዘብ ይቻላል። ክፍት መሆኑ እንግዳው ገብቶ እንዲታመን አስችሎታል፤ ዳሩ ግን ክፍት ባይሆን ኖሮ፣ የሌላ ኩባንያ ሠራተኛ የሆነ ሰው የሰውን ፕሮግራም ምንጭ ገልጦ ስሕተቱን ሊያገኝ ባልቻለም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የክፍትነት ሳይሆን የብቸኝነት ነው ለማለት ይቻላል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ዕቃ ላይ አንድ የደከመ ጠባቂ ብቻ መቆሙ ለእንግዳው በሩን ከፈተለት።

ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

በዲሴምበር 2021 ሎግ ፎር ጄ በተባለ ሌላ ነጻ ፕሮግራም ላይ ብርቱ ጉድለት በመገኘቱ ድርጅቶች ሁሉ ታውከው ነበር። በሚቀጥለው ወር አንድ ታላቅ ኩባንያ የከርል ጠባቂ ለሆኑት ለሚስተር ስቴንበርግ፣ ስለዚህ ጉድለት ያቀረበላቸውን የጥያቄ ዝርዝር በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲመልሱ የሚያዝ ደብዳቤ ላከ። ኩባንያው ከእርሳቸው ጋር አንዳች ውል አልነበረውም፤ ሳንቲምም ከፍሎ አያውቅም። እርሳቸውም የአገልግሎት ውል እንደ ተፈራረሙ በደስታ እንደሚመልሱ አስታወቁ። በነጻ የወሰደ ሰው እንደ ከፈለ ደንበኛ ሲቈጣ፣ ጉድለቱ የምግባር ብቻ ሳይሆን የንግድ ዕውቀትም ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በ2017 በአሜሪካ የሚገኝ አንድ ታላቅ የብድር መረጃ ድርጅት ከሚገለገልባቸው ነጻ ፕሮግራሞች በአንዱ ላይ ጉድለት ተገኘ፤ የፕሮግራሙ ጠባቂዎችም በማርች ወር እርማቱን ለማንም ያለ ዋጋ አወጡ። ድርጅቱ ግን እርማቱን በጊዜው ሳያገባ በመቅረቱ ከሜይ ወር ጀምሮ ሌቦች ገቡ፤ 147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የግል መረጃቸው ተሰረቀ። በዚህ ጊዜ ጠባቂው ሥራውን ፈጽሞ ነበር፤ የተኛው ተቀባዩ ነው።

ነጻው ዕቃ ለኢትዮጵያ ነጋዴም የቀረበ መሆኑን ለማስታወስ ፊደሉን ማየት ይበቃል። ቀድሞ በአንድ ቢሮ ኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሌላው ቢሮ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ነበር፤ የፊደሎቹ ቁጥር በየሻጩ የተለያየ ነበርና። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በ1999 የግዕዝን ፊደላት ካካተተ ወዲህ ይህ ችግር እየተቃለለ ሄደ። አቢሲኒካ እና ኖቶ የተባሉትም የፊደል ቅርጾች በክፍት ፈቃድ ለማንም ተሰጥተዋል። ዛሬ በስልክ በአማርኛ የሚላክ የዋጋ ጥያቄ በአዲስ አበባም በዱባይም አንድ ሆኖ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚያሠራ ወይም የሚገዛ ነጋዴ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ፕሮግራሙን የሚጽፍለት ሰው በውሉ ላይ ምንጩን ጭምር ለማስረከብ መስማማቱን፣ በውስጡ የትኞቹ ነጻ ዕቃዎች እንዳሉበትም ዘርዝሮ መስጠቱን ይመርምር። የእያንዳንዱንም ፈቃድ ያስነብብ፤ አንዳንዱ ፈቃድ የባለቤቱ ስም እንዳይፋቅ ብቻ ሲጠይቅ፣ ሌላው ደግሞ ፕሮግራሙን አሻሽሎ ለሌላ የሚያከፋፍል ሰው የተሻሻለውን ምንጭ አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳልና። እርማት ሲወጣ ተከታትሎ የሚያገባው ሰው ማን እንደ ሆነ ስሙን ለይቶ ይወቅ። በመጨረሻም ሥራው የቆመበትን ዕቃ ጠባቂ በአቅሙ ይርዳ፤ ገንዘብ ያለው በገንዘብ፣ ባለሙያ ያለው በባለሙያው ጊዜ፣ ሁለቱም የሌለው ያገኘውን ስሕተት በጥንቃቄ ጽፎ በመላክ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ የፊንላንዱን ባለሙያ ያደከመው የሎሚው ብዛት ሳይሆን የተሸካሚው ማነስ ነበር። አስመጪው ነገ ጧት የምንዛሪውን ዋጋ ሲመለከት፣ ዋጋውን ሮጦ ያመጣለት ተላላኪ አንድ ስዊድናዊ ከሃያ ዓመታት በላይ በምሽት ያሳደገው ሊሆን እንደሚችል ቢያስታውስና፣ በራሱ ቢሮ ያሉትን መሣሪያዎች ጠባቂያቸው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ራሱ የመጀመሪያው ክፍያ ይሆናል።